እርስዎ የነገሩን ግማሹን ነው

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። እዚህ ላይ «ጎሽ፣ ቀጥይ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በር ሳያንኳኳ እንደሚገባ ሰው ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። ግን ስልኩን ሲያነሱ «ደህና ናችሁ? እሺ፣ እሺ» ብለው ይዘጉታል። ጆሮዎም ያስቸግርዎታል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። የእትዬ ልጅ ያነብልዎታል። ቀስ ብለህ አንብብ ይበሉት። እሱ ሁሉን ነገር እንደ ጨረታ ማስታወቂያ ነው የሚያነበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየሁት፣ አባዬ። ሎረንስን አየሁት።

አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ «አንድ ቀን አየዋለሁ» ስል። ልጆቼ እንኳ ሎረንስ የሚለውን ስም የሚያውቁት እንደ ሩቅ ዘመድ ስም ነው። ትንሿ አንድ ጊዜ «ሎረንስ የአያቴ ጓደኛ ነው?» ብላኛለች። ነው ብያታለሁ።

ያ «የዐረቢያው ሎረንስ» የሚባል ፊልም፣ ከዐረቦች ጋር ሆኖ ቱርክን የወጋው የእንግሊዝ መኮንን ታሪክ፣ እኛ ቤት የገባው በእርስዎ አፍ ነው። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄደው፣ ፒያሳ ሲኒማ ገብተው ያዩት። «በቀን ገብቼ ስወጣ መሽቶ ነበር» ይሉን ነበር። ያን ያህል የሚረዝም ፊልም አለ ብለን አናምንም። እውነትዎን ነው። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል።

እና መሐል ሜዳ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ ባና ተከናንበን፣ ምድጃ ከበን የበረሃ ታሪክ እንሰማለን። ውጭ የጓሳ ነፋስ ያፏጫል። እርስዎ ደግሞ «ፀሐዩ ድንጋይ ያቀልጣል» ይላሉ። እኛ እጃችንን ወደ እሳቱ እንዘረጋለን።

በረሃ ምን እንደሆነ ያስረዱን ትዝ ይልዎታል? «ጣርማ በርን እለፉ። ደብረ ሲና ውረዱ። ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ከዚያ ወደ አፋር ዝቅ በሉ። አሁን ዛፉን ሁሉ ንቀሉት። ወንዙን አድርቁት። የቀረው እሱ ነው በረሃ ማለት» አሉን። እኔ ዛፉን ስነቅል ነበር የማድረው። ግመልንም አይተን አናውቅም። «በቅሎ ላይ ሌላ በቅሎ ጫኑ፣ ከዚያ አንገቱን ሳቡት» አሉን። በኋላ ሸዋ ሮቢት መጀመሪያ ግመል ያየሁ ቀን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ የእርስዎ ግመል ይበልጥ ነበር።

ያ የውኃ ጉድጓድስ? የሎረንስ መንገድ መሪ ከሰው ጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ አንድ ሰው ከሩቅ ይመጣና ይተኩስበታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንጭ ወርጄ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ዘወር እያልኩ አያለሁ። አሁንም ድረስ፣ አባዬ። ቢሮ ቧንቧ ላይ ስጠጣ ዘወር እላለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ምን ያስባሉ እንጃ።

እማዬ ደግሞ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አንድ ቀን ብቅ ብላ «እኔ የምለው፣ እዚያ አገር ሴት የለም እንዴ? እንጀራውን ማን ይጋግርላቸዋል?» አለች። እርስዎ ቆጣ ብለው «ፊልም ነው!» አሉ። «ፊልም ቢሆንስ፣ አይበሉም?» አለች። ከዚያ ማታ በኋላ ነው ሎረንስ በግመል ላይ ሆኖ በሶ መጨበጥ የጀመረው። እኔ ልጅ ብሆንም አስተውያለሁ። በሶው የመጣው ከእማዬ ጥያቄ በኋላ ነው።

መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ዐቃባ፣ ያ በቱርኮች እጅ የነበረው የባሕር በር፣ ይያዛል። ሎረንስ ግመሉን ባሕሩ ዳር ያቆማል። ከዚያ እርስዎ ኩራዙን ወደ ፊትዎ ያስጠጉና «እፍ» ይሉታል። በጨለማው ውስጥ «ፀሐይ ወጣች» ይላሉ። እኛ እንተኛለን።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ፊልሙን ቶሎ ማየት የለበትም?

ፈለግሁት እኮ። ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስመጣ መጀመሪያ ያደረግሁት ቪዲዮ ቤት መሄድ ነው። «የዐረቢያው ሎረንስ አለ?» አልኩት ልጁን። «ካራቴ ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው የህንድ ፊልም ሰጠኝ። ወሰድኩት፣ ምን ላድርግ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አንድ ሲዲ አዟሪ አገኘልኝ። ቤት ወስጄ ከፈትኩት። ጉድጓዱ ጋ ደረሰ። ከሩቅ ያቺ ነጥብ ታየች። ግመሉ ሊደርስ ነው ስል ምስሉ ተሰባብሮ ቀጥ አለ። ዲስኩን በነጠላዬ ጠረግሁት፣ አልሆነም። በእስትንፋሴ አሞቅሁት፣ አልሆነም። ያ ሰውዬ እንደተሰባበረ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ አመጣልኝ። ጥርት ያለ፣ ሙሉውን። እዚህ ላይ ይናዘዙኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ላፕቶፔ ላይ ተቀምጦ አልከፈትኩትም። ፈራሁት። ካየሁት የእርስዎ ሎረንስ ይጠፋብኛል ብዬ። ሰው ይህን ያህል ጊዜ የጠበቀውን ነገር ሲያገኘው እጁ ይታሰራል። ደግሞ ሁልጊዜ ሰበብ አለ። ዛሬ ልብስ አለ፣ ዛሬ እንግዳ አለ፣ ዛሬ መብራት የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጆቹ ወደ አክስታቸው ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። ቡና አፈላሁ። ያንን ወፍራሙን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ከፈትኩት።

መጀመሪያ ምንም የለም። ጥቁር ብቻ። ሙዚቃ ይሰማል፣ ምስል የለም። ላፕቶፑ ተበላሸ ብዬ መታ መታ አደረግሁት። ለካ እንዲህ ነው የተሠራው። አራት ደቂቃ ያህል በጨለማ ሙዚቃ ያሰማና ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሲኒማ ቤት ሰው ገብቶ ወንበሩን እስኪይዝ መሆን አለበት። ሙዚቃውን የሠራው ሞሪስ ዣር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እርስዎ ማታ ማታ በአፍንጫዎ የሚያንጎራጉሩትን ወዲያው ለየሁት። እኔ የእርስዎ የራስዎ ዜማ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ምን ይመጣል? ሎረንስ ይሞታል! ገና በመጀመሪያው! ሞተር ብስክሌት ላይ ይወጣል፣ ይፈጥናል፣ ይገለበጣል፣ ያልቃል። ፊልሙ ከሞቱ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው። እውነተኛውም ሰው እንዲሁ በሞተር ብስክሌት አደጋ ነው የሞተው፣ በግንቦት 1927 ዓ.ም.። እርስዎ ይህን ለአንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። «አባዬ ደግሞ ሌላ ምን ደብቀውን ይሆን?» አልኩ ለብቻዬ። ገና ምኑንም አላየሁ።

ክብሪቱ ጋ ስደርስ ግን ቡናዬን አስቀመጥኩ። ሎረንስ የሚነድ ክብሪት ይዟል። ወደ ፊቱ ያስጠጋዋል። እፍ ይላል። ወዲያው በረሃው፣ ቀይ ሰማይ፣ ፀሐይ ስትወጣ። ያ የእርስዎ ኩራዝ ነው! እኔ እስከ ቅዳሜ ድረስ እርስዎ ያመጡት ዘዴ ነበር የሚመስለኝ። ልዩነቱ፣ እዚያ የጉዞው መጀመሪያ ነው። ከዚያ እፍታ በኋላ ነው በረሃው የሚከፈተው። እርስዎ ወስደው መጨረሻ ላይ ተከሉት፣ እኛን ለማስተኛት። እኔ እንደሆንኩ የእርስዎ ይሻላል ባይ ነኝ።

ያቺ ከሩቅ የምትመጣ ነጥብም አለች። ሰማይና ምድር የሚገናኙበት ላይ ውኃ የመሰለ ነገር ይንቀጠቀጣል። ከመሐሉ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ ቀስ እያለ ሰው ይሆናል። ኦማር ሸሪፍ ነው፣ ግብፃዊው። ካሜራውን የያዘው ፍሬዲ ያንግ ለዚች አንዲት ቀረጻ 482 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሌንስ ነው የተጠቀመው አሉ። እርስዎ ሲነግሩን ግን ሰውዬው ጉድጓዱ ጋ እስኪደርስ ሦስተኛው ቡና ይወርዳል። በፊልሙ ቶሎ ደረሰብኝ። ደግሞ እኔ ያየሁት በ15 ኢንች ላፕቶፕ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው 65 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፊልም ነው፣ የተለመደውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው። እርስዎ ግድግዳ የሚያህል ነው ያዩት። የእኔ ሎረንስ አውራ ጣቴን ያክላል። ስለዚህ ፍርዴ ሙሉ አይደለም፣ ይህን ይያዙልኝ።

ያልወደድኩትንም ልንገርዎት። የዐረቦቹን መሪ ልዑል ፈይሰልን የሚሠራው አሌክ ጊነስ ነው። እንግሊዛዊ ነው፣ ፊቱን አጥቁረውታል። ያን ኃይለኛ የጎሳ አለቃ አውዳን የሚሠራው አንተኒ ኩዊን ትውልዱ ሜክሲኮ ነው። እርስዎ አውዳን ሲነግሩን አንድ የመንዝ ባላባት ነበር የሚታየኝ። አሁን ግን አፍንጫው የተቀጠለ መሆኑ ያስታውቃል። አንዴ ካዩት በኋላ ደግሞ ሌላ አይታይም። ሎረንስን የሆነው ፒተር ኦቱል ቁመቱ ሜትር ከሰማንያ ስምንት ነው። እውነተኛው ሎረንስ ሜትር ከስልሳ አምስት ገደማ ነበር። «ረጅም መለሎ» እያሉ ያሳደጉን ሰው ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

የእማዬ ጥያቄም መልስ አገኘ። በዚያ ሁሉ ሰዓት አንዲት ሴት እንኳ አንድ ቃል አትናገርም። አንድም! የሚሰማው እልልታቸው ብቻ ነው። ወንዶቹ ሲዘምቱ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ገደል ላይ ቆመው እልል ይላሉ። በሕይወት ኖራ ብታይ ኖሮ «አላልኩም?» ትል ነበር።

በሶውንም ጠበቅሁት። የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ልጁ ውኃ ይጠጣና ቀስ ብሎ ያንብብ።

ጋሲም ትዝ ይልዎታል? ስሙን አይጠሩትም ነበር፣ «የጠፋው ሰው» ነበር የሚሉት። ሌሊት በረሃውን ሲያቋርጡ ከግመሉ ወድቆ የቀረው። ሲነጋ ግመሉ ያለ ሰው ሲሄድ ይታያል። ሁሉም «ተወው፣ ቀኑ ደርሷል፣ ተጽፏል» ይላሉ። ሎረንስ ግን ግመሉን ያዞራል። ወደዚያ እሳት ብቻውን ይመለሳል። ሰውዬውን ፈናጥጦ ያመጣዋል።

በ1979 ዓ.ም. ጋሼ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያን ቀን አላነሳውም። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ወር ቤታችን ወሬ ጠፋ። ምድጃው ይነዳል፣ ቆሎው ይቆላል፣ የሚያወራ የለም። ኋላ አንድ ማታ እማዬ ናት የጀመረችው። ያቺ ስንቴ ስትቀልድበት የኖረች ሴት። ስፌቷን ይዛ ቁጭ ብላ፣ ቀና ሳትል፣ «እስቲ ያን የጠፋውን ሰው ያመጣበትን ይንገሯቸው» አለች። «ይንገሯቸው» ነው ያለችው። ለእኛ አስመስላ።

ከዚያ በኋላ እሱ ብቻ ሆነ። ጉድጓዱን የሚጠይቅ የለም። ዐቃባን የሚጠይቅ የለም። «ያን የጠፋውን።» እርስዎም ይነግሩን ነበር። የሚጠብቀው ልጅ በረሃው ጫፍ ላይ ግመሉ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ሲያሻሽ። ከዚያ ነጥብ ሲታይ። እዚህ ላይ እማዬ ወስፌዋን ታቆማለች። «መጣ?» ትላለች። እርስዎ «መጣ» ይላሉ። «ሁለቱም?» «ሁለቱም።» ወስፌዋ ይቀጥላል።

ቅዳሜ ማታ ያን ቦታ ሳይ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ይዤ ነበር። ሁሉም እርስዎ እንዳሉት ነው። ልጁ አለ። ግመሉ አለ። ነጥቧ መጣች። ሎረንስ ፊቱ በአሸዋ ተለውሶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሰውዬውን ይዞ ደረሰ። ልክ ውኃ ሲሰጡት መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ የሞተ ነው፣ ከመብራቱ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። አልተናደድኩም። በጨለማ ተኛሁ። ከዚያ የተሻለ መተኛት የለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠልኩት።

ዐቃባ ሊገቡ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው በሰፈሩ ተኩስ ይሰማል። ከአንዱ ጎሳ ሰው የሌላውን ጎሳ ሰው ገድሏል። የሟች ወገን ደሙን ይፈልጋል። የገዳይ ወገን አይሰጥም። ሊተላለቁ ነው። ያ ሁሉ በረሃ የታለፈበት ጉዞ እዚያ ላይ ሊበተን ነው። ሎረንስ «እኔ ጎሳ የለኝም፣ እኔ ልግደለው፣ ደም አይፈላለግም» ይላል። ሽጉጡን ያወጣል። ገዳዩ ቀና ይላል።

ጋሲም ነው። ያ ከበረሃ ያመጣው ሰው።

ገደለው፣ አባዬ። አንዴ ብቻ አይደለም የተኮሰበት።

ላፕቶፑን ዘግቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴ ልብስ ታሰጣለች። «ምነው ደህና ነሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት።

መጀመሪያ «አላዩትም ማለት ነው» አልኩ። ግን ይህ ፊልሙ መሐል ላይ ካለው ዕረፍት በፊት ነው። ዐቃባ ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የሚያዘው፣ ዐቃባን ደግሞ ነግረውናል። ደግሞ እርስዎ ይህን የሚረሱ ሰው አይደሉም። ደም ለማድረቅ ስንት ቀን ከሽማግሌ ጋር የተቀመጡ፣ በእኛ አገር ካህኑ መስቀል ይዞ፣ ካሣው ተቆርጦ፣ ሁለቱ ወገን በአንድ ገበታ እስኪበላ ወዲያና ወዲህ ያሉ ሰው ነዎት። ከፊልሙ ሁሉ ይህ ነው ለእርስዎ የተሠራው። ሰዓት ሙሉ ሊያወሩበት ይችሉ ነበር። እና አንድ ቀን እንኳ አላነሱትም።

ጋሼ ከመሄዱ በፊትም አልነገሩንም፣ ያኔ ልጆች ነን ብለው ይሆናል። ከሄደ በኋላ ግን ለእማዬ ነው። አራት ዓመት፣ «ሁለቱም?» ስትልዎ፣ «ሁለቱም» ሲሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ክረምት ጋሼ በዚያ ባበጠ እግሩ ደጃፍ ሲቆም እማዬ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እርስዎ ያን ዕለት ምንም አላሉም። ወደ ጓሮ ዞሩ። እኔ እንጨት ሊያመጡ መስሎኝ ነበር።

አሁን ይበቃኛል ስለዚህ። ልጁም ያፍራል ሲያነብ።

ሁለተኛው ክፍል የቀረብዎት ነገር ብዙ ነው፣ ወይም ያስቀሩብን። ከዕረፍቱ በኋላ ያ ነጭ የለበሰ ጎበዝ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ቱርኮች ይዘው ይገርፉታል። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ነው። የሚሸሽ የቱርክ ጦር ያገኛል፣ «ምርኮ የለም» ይላል፣ ደም በደም ይሆናል። ይህን በዝርዝር አልጽፍም።

የፖለቲካው ነገር ግን የታሪክ መምህር ልጅ ስለሆንኩ ገባኝ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ዐረቦቹን «ተነሡ፣ ቱርክን ውጉ፣ ነፃ ትወጣላችሁ» እያሉ፣ በጎን ደግሞ አገሩን በካርታ ተከፋፍለውታል። የሳይክስና የፒኮ ውል። ይህን ስሰማ የእርስዎ ጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሲጮህ ተሰማኝ። «በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ምኒልክ ገና በሕይወት ሳሉ አገራችንን በወረቀት ተካፈሉ» ብለው ሦስቱን ስም ያሰመሩበት። ከሦስቱ ሁለቱ ናቸው እኮ እዚያም!

ዓመቱን ቆጠርኩት ደግሞ። ዐቃባ የተያዘው ሰኔ 29 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 17 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ወደ ቱርክና ጀርመን አዘንብለዋል እያሉ መኳንንቱን ሲገፉ ከነበሩት ውስጥ እነዚሁ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሰዎች ነበሩበት። ጥቅምት 17 ደግሞ ሰገሌ፣ እዚሁ ሸዋ ምድር ላይ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። የእርስዎ አያት ሰገሌ ዘምተው የተመለሱት፣ ያ ግድግዳው ላይ ያለው ጎራዴ የእሳቸው፣ የሎረንስ ዘመነኛ ናቸው ማለት ነው። የአንዱ ጦርነት ሁለት ጫፍ ላይ ነበሩ። ይህን ለምን አላስተማሩንም? ወይስ እኔ ተኝቼ ነበር?

አንድ የሚያስቅዎትን ልጨምር። እውነተኛው ሎረንስ ወደ ዐቃባ ሲሄዱ በነበረው ውጊያ በግመል እየጋለበ ሲተኩስ የራሷን የግመሉን ጭንቅላት መትቶ ተወርውሮ ወድቋል። ራሱ ነው የጻፈው። ዋናው ውጊያ ያ ነበር፣ ዐቃባ ሲደርሱ ከተማዋ ያን ያህል አልተዋጋችም። ፊልሙ ላይ ያ ሁሉ ፈረስና ግመል ወደ ባሕሩ የሚጎርፍባት ከተማ ደግሞ ስፔን ባሕር ዳር የተሠራች ናት። መድፎቹም የውሸት። እርስዎ «መድፉ ወደ ባሕር ተተክሏል፣ በጀርባ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?» እያሉ ጉልበትዎን ሲመቱ ያየሁት ዐቃባ ግን እውነት ነው። ከስፔኑም ይበልጣል።

መጨረሻው ደማስቆ ነው። ዐረቦቹ ከተማዋን ይይዛሉ፣ ሸንጎ ይቀመጣሉ። ወዲያው ጭቅጭቅ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ አልሠራ አለ፣ ሆስፒታሉ ውኃ የለውም። አንዱ በሌላው ያመካኛል። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ይህን አይቶ የማይስቅ የለም። ሎረንስም በመኪና ይዘውት ይሄዳሉ። ሞተር ብስክሌት አልፎት ያልፋል። በቃ።

ይህን ፊልም ዴቪድ ሊን የሚባል እንግሊዛዊ ነው የሠራው። በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ለንደን ታየ፣ ሰባት ኦስካር አገኘ። ትልቅ ነው፣ አልክድም። ሁለተኛው ክፍል ጀግናውን እንዲህ አውልቆ ማሳየቱ፣ በዚያ ዘመን፣ ድፍረት ነው። ግን የጠበቅሁት እሱን አልነበረም። የጠበቅሁት ኩራዝ፣ በሶ፣ ባሕር ዳር የቆመ ግመል ነበር። ያ ደግሞ በፍላሽ አይገኝም።

ለፋሲካ መንገዱ ደህና ከሆነ እመጣለሁ። የጣርማ በሩ ጭጋግ ቢሆን ግድ የለኝም። ላፕቶፑንም አመጣዋለሁ። ዓይንዎ ሞራው ቢያስቸግርዎትም ሙዚቃውን ይሰማሉ። ሥዕሉን እኔ እየነገርኩዎ። በዚያው የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ እንነጋገራለን፣ አሁን «እሺ፣ እሺ» ብለው አይዘጉኝም።

ሌላ አንድ ነገር። ትናንት ጋሼ ደወለ። እትዬ ነግራዋለች። «እውነት አየሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። እኔ የመሰለኝ ስለ መድፉ የሚጠይቀኝ ነው። «ያን የወደቀውን ሰውዬ፣» አለኝ፣ «ተመልሶ ያመጣዋል?»

«ያመጣዋል» አልኩት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መብራት ጠፋብኝ» አልኩት።

ልጅዎ
ደብረ ብርሃን